የቴራስ የብረት አጥር በአርማታ ላይ ሲተከል

የቴራስ ወይም የበረንዳ አጥር የሚያስተማምነው በእግሩ ነው። ላዩ ቢያምር፣ ብረቱ ቢወፍር፣ ቀለሙ ቢያብረቀርቅ፣ አርማታውን የያዘበት ቦታ ደካማ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሰው ይደገፈዋል። ልጅ ይንጠላጠልበታል። ብርድ ልብስ ይሰጣበታል። ፎቅ ላይ ሆነው የሚደገፉት ነገር ደግሞ «ይይዝ ይሆናል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ ረዘም አድርጌ የማወራው ስለ እግሩ ነው። ስለ አበባውና ስለ ዲዛይኑ በያጃችሁ ብዙ ፎቶ ያሳያችኋል። ስለ ብሎኑ ግን ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል። ሥራውን ራሳችሁ ብትሠሩትም፣ ባለሙያ ቀጥራችሁ ቆማችሁ ብታሠሩትም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ለምሳሌ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እንውሰድ። ፊት ለፊቱ 9 ሜትር ርዝመት ያለው ቴራስ አለው። ግራና ቀኙ በግድግዳ ያልቃል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። አጥሩ ከወለሉ 1.10 ሜትር ከፍ ይላል።

አሁን አንድ ሰው ተደግፎ ከላይ በኩል በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ገፋው እንበል። የቋሚው የእግር ላሜራ፣ ማለትም ከሥሩ የሚበየደው ጠፍጣፋ ብረት፣ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። ብሎኖቹ ከላሜራው ጠርዝ 3 ሴንቲ ገባ ብለው ታስረዋል። ሲገፋ ላሜራው በውጭ ጠርዙ ተመርኩዞ የውስጦቹን ሁለት ብሎኖች ወደ ላይ ይነቅላል። ከውጭው ጠርዝ እስከ ውስጦቹ ብሎኖች ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ብቻ ነው። 110 ለ12 ሲካፈል ከ9 ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ከላይ 50 ኪሎ የነበረው ግፊት ከታች ወደ 460 ኪሎ የሚጠጋ መንቀል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ብሎን 230 ኪሎ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ በአንድ ሰው ነው። በልደትና በሠርግ ቀን ስድስት ሰባት ሰው ተደርድሮ ተደግፎ ፎቶ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት።

መጀመሪያ ከወለሉ ሥር ያለውን ማወቅ

ከላይ የሚታየው ሴራሚክ ነው። ከሥሩ ሊሾ ወይም የሴራሚኩ መንጠፊያ ሲሚንቶ አለ። ዋናው አርማታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሴራሚኩና ሲሚንቶው ተደምረው 5 እና 6 ሴንቲ ሊሆኑ ይችላሉ። ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘው አጭር ብሎን 8 ወይም 10 ሴንቲ ርዝመት አለው። ከዚህ ላይ ላሜራውንና ዳዶውን (የብሎኑን ማጥበቂያ) ቀንሱ። የቀረው ብሎን ሴራሚኩንና ሊሾውን አልፎ አርማታው ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። ሲያስሩት ጥብቅ ይላል። ዓመት ሳይሞላ ግን መነቃነቅ ይጀምራል።

ሌላም ነገር አለ። የብዙ የከተማ ቤቶች ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ ዳር እስከ ዳር ሙሉ አርማታ አይደለም። ትንንሽ ቢሞች ተደርድረው በመሃላቸው ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ 5 ወይም 6 ሴንቲ አርማታ ይፈስበታል። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው። እዚያ ላይ የተተከለ ብሎን የሚይዘው ያችን ስስ አርማታ ብቻ ነው። ደግነቱ በሶሌታው ጠርዝ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቢም ይኖራል። አጥሩም የሚቆመው እዚያው አካባቢ ነው። ቢሆንም በግምት አትሂዱ። የቤቱ የስትራክቸር ፕላን ካለ አውጥታችሁ እዩት።

ፕላን ከሌለ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ላይ የ6 ሚሊ ፑንታ፣ ማለትም መብሻ ጫፍ፣ አስገብታችሁ የሙከራ ቀዳዳ ብሱ። ፑንታው ሲገባ የሚሰማውን ልብ በሉ። ሴራሚኩን ካለፈ በኋላ ፑንታው ፈጥኖ ከገባና አቧራው ለስላሳ ከሆነ ሊሾ ላይ ነው። አርማታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጠጠር ሲነካ ትራፓኖው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ድንገት ዘው ብሎ ከገባ ብሎኬት ውስጥ ገብታችኋል። ጭራሽ አልገባ ብሎ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካወጣ ፌሮ (አርማታው ውስጥ ያለውን ብረት) ነክታችኋል፤ ፌሮ አትቁረጡ፣ ቀዳዳውን ዘወር አድርጉ። ቧንቧና የኤሌክትሪክ ኮንዲዊትም በሶሌታ ውስጥ ያልፋሉ። ቴራሱ ላይ መብራት ወይም ሶኬት ካለ መስመሩ በየት እንደሚመጣ አጣሩ፣ ብሬከሩንም አጥፉ።

ጠርዙ ላይ ቢም ከሌለ፣ ከሥር ያለው ብሎኬት ብቻ ከሆነ፣ በማስፋፊያ ብሎን አትሞክሩት። ወይ ብሎኑን ሶሌታውን አሳልፋችሁ ከታች በሌላ ላሜራ ማሰር፣ ወይ ጠርዙ ላይ ፌሮ ያለው ሙሉ አርማታ መሙላት ያስፈልጋል። ሁለቱም መሐንዲስ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው።

አርማታው አዲስ ከሆነ ታገሡ። አርማታ ሙሉ ጥንካሬውን ያገኛል ተብሎ የሚቆጠረው በ28 ቀን ነው። በሳምንቱ የተበሳ ቀዳዳ ዳሩ ይፈረፈራል።

ልኬትና ግዢ

በ9 ሜትር ላይ ሰባት ቋሚ እንተክላለን። የግራና የቀኝ ዳር ቋሚዎች መሃላቸው ከግድግዳው 15 ሴንቲ ይራቅ፤ አለዚያ ትራፓኖው ግድግዳውን እየነካ አያሠራም። የቀረው 8.70 ሜትር ለስድስት ሲካፈል ከቋሚ እስከ ቋሚ 1.45 ሜትር ይደርሳል። ለቴራስ ከ1.50 ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ብረት ለመቆጠብ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ያራርቀዋል። ሁለት ቋሚ ተቆጥቦ የሌሎቹ ሸክም ይጨምራል። ለእኔ ይህ ቁጠባ አይደለም።

ለቋሚው 50 በ50 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ግዙ። ለላይኛው አግዳሚ 50 በ50 ባለ 2 ሚሊ፣ ለታችኛው 40 በ20፣ ለዘንጎቹ 20 በ20 ይበቃል። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ርዝመት ነው። መርካቶም ሆነ ሰፈራችሁ ካለው ብረት መሸጫ ስትገዙ ውፍረቱን በካሊፐር ለክታችሁ ውሰዱ። «ባለ 2 ነው» የተባለው 1.5 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በሁለት ዘንግ መሃል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ መብለጥ የለበትም። ምክንያቱ የሕፃን ጭንቅላት ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መሃል 140 ሴንቲ ክፍት ቦታ አለን። 12 ዘንግ ብናስገባ ዘንጎቹ 24 ሴንቲ ይወስዳሉ። የቀረው 116 ለ13 ክፍተት ሲካፈል 8.9 ሴንቲ ይመጣል። ለስድስቱ ክፍል 72 ዘንግ ሆነ። በዳሩ ቋሚና በግድግዳው መሃል ደግሞ 12.5 ሴንቲ ስለሚቀር ግራና ቀኝ አንዳንድ ዘንግ እንጨምራለን። ድምሩ 74 ነው።

የታችኛው አግዳሚ ከወለሉ 8 ሴንቲ ከፍ ብሎ በሰፊ ጎኑ ይተኛል። ከእሱ ጫፍ እስከ ላይኛው አግዳሚ ሥር ያለው 95 ሴንቲ የዘንጉ ቁመት ነው። ከአንዱ ቱቦላሬ ስድስት ዘንግ ይወጣል፤ ስለዚህ 13 ቱቦላሬ ያስፈልጋል። ቋሚው 104 ሴንቲ ሆኖ ላሜራው 1፣ የላይኛው አግዳሚ 5 ሲጨምሩበት 1.10 ሜትር ይሞላል። ለቋሚው ሁለት ቱቦላሬ፣ ለላይኛው አግዳሚ ሁለት፣ ለታችኛውም ሁለት።

ዘንጎቹ ቁም ይሁኑ። ወደ ጎን የተዘረጋ ዘንግ ለዓይን ዘመናዊ ይመስላል፣ ለልጅ ግን መሰላል ነው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ በፍጹም አልመክረውም።

የእግር ላሜራው 15 በ15 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ በአራቱ ማዕዘን ለባለ 10 ብሎን የሚሆን ባለ 12 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ይሁን። 5 ሚሊ ላሜራ ሲጎተት ይታጠፋል።

የትኛው ብሎን?

ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ኤክስፓንሽን ቦልት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ይከፈትና የቀዳዳውን ግድግዳ ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው ኬሚካል ነው። ቀዳዳው ውስጥ ሙጫ መሳይ ኢፖክሲ ይገባና ሙሉ ጥርስ ያለው ዘንግ ይተከልበታል።

ኤክስፓንሽን ቦልት ርካሽና ፈጣን ነው። ወዲያው ይታሰራል። ጉዳቱ አርማታውን ከውስጥ ወደ ጎን መግፋቱ ነው። ለጠርዝ ከቀረበ ጥጉን ሰንጥቆ ይጥለዋል። ከጠርዙ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት አሥር እጥፍ ራቁ። ባለ 10 ሚሊ ብሎን ከሆነ 10 ሴንቲ። በእኛ ላሜራ ሲሰላ የላሜራው የውጭ ጠርዝ ከሶሌታው ጠርዝ 7 ሴንቲ ገባ ይላል። «ቴራሱ ይጠብብኛል» የሚል ሰው አጥሩን ጫፍ ላይ ማቆም ይፈልጋል። ከፈለጋችሁ ኬሚካል ተጠቀሙ፤ እሱ አርማታውን አይገፋም፣ ለጠርዝ ትንሽ ቀረብ ማለት ይችላል። ልኩን ካርቶኑ ላይ አንብቡ።

ለዚህ ለሴራሚክ ቴራስ እኔ የምመርጠው ኬሚካሉን ነው። ዘንጉን በምንፈልገው ርዝመት መቁረጥ እንችላለንና። 1 ሴንቲ ለላሜራ፣ 6 ለወለሉ ውፍረት፣ 8 ለአርማታው ውስጥ፣ 2 ለሮንዴላ (ከዳዶው ሥር ለሚገባው ቀለበት) እና ለዳዶ። ድምሩ 17 ሴንቲ ነው። ዘንጉም፣ ዳዶውም፣ ሮንዴላውም ዝገት እንዳይበላው ጋልቫናይዝድ ይሁን።

አንድ ልማድ አለ፤ እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። የሶሌታውን ጠርዝ በስካርፔሎ ፈልፍሎ ፌሮ ማውጣትና ቋሚውን ፌሮው ላይ መበየድ። ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱን የተሸከመውን ቢም ታቆስላላችሁ። የብየዳው ሙቀት አንዳንዱን ፌሮ ተሰባሪ ያደርገዋል። የተፈለፈለው ቦታ በሲሚንቶ ቢደፈንም ውሃ መግቢያ ይሆንና ዝገቱ ከአጥሩ ወደ ቤቱ ፌሮ ይሄዳል። በያጁ «ሁሌም እንደዚህ ነው የምንሠራው» ቢላችሁም እምቢ በሉ።

መትከል

መጀመሪያ የሁለቱን ዳር ቋሚዎች ቦታ ምልክት አድርጉ። በመሃላቸው ሲባጎ ወጥሩ። የሌሎቹን መሃል በየ1.45 ሜትሩ በእርሳስ አስምሩ። ሜትሩን ከአንድ ጫፍ ሳታነሱ 1.45፣ 2.90፣ 4.35 እያላችሁ ቀጥሉ። በየቋሚው እንደ አዲስ ከለካችሁ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል።

ቴራስ ለውሃ መውረጃ ይዘቀዝቃል። በ9 ሜትር ላይ አንድ ፐርሰንት ቢዘቀዝቅ ልዩነቱ 9 ሴንቲ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቋሚ እኩል ቆርጦ መምጣት አያዋጣም። በውሃ በተሞላ ላስቲክ ቱቦ የየቋሚውን ቦታ ከፍታ ውሰዱ። ከፍተኛው ቦታ ላይ ያለው ቋሚ 104 ይሁን፣ የሌሎቹን ልዩነቱን እየጨመራችሁ ቁረጡ። የዘንጎቹም ቁመት አብሮ ስለሚለወጥ በየክፍሉ እየለካችሁ ቁረጧቸው።

ቋሚውን ከላሜራው ጋር መሬት ላይ በስኳድራ አስተካክላችሁ በዙሪያው ሙሉ በሙሉ በይዱት። ከላሜራው በላይ በውስጥ በኩል አንዲት የ6 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ቱቦው ውስጥ የሚገባም የሚያልብም ውሃ በዚያ ይወጣል። ይህች ቀዳዳ ከሌለች ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን አይታይም። የላሜራውን የታች ፊት ከመትከላችሁ በፊት አንቲረስት ቀቡት። በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም።

ከዚያ ሴራሚኩ ላይ ከላሜራው አንድ ሴንቲ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን በግራይንደር ቁረጡ። ሴራሚኩንና ሊሾውን በስካርፔሎ አንሱ፤ ዋናው አርማታ ይታይ። ጥረጉት፣ አርጥቡት፣ በማይኮማተር ግራውት (ሲሚንቶ መሳይ መሙያ) እስከ ወለሉ ድረስ ሙሉት። ግራውቱ ሲደርቅ ላሜራው ልል ሊሾ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጣል። ዳዶዎቹም ከወለሉ በላይ ስለሚታዩ ነገ ከነገ ወዲያ ለመመርመር ይመቻል።

ግራውቱ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ከጠነከረ በኋላ ላሜራውን አስቀምጣችሁ ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርጉ። ትራፓኖው መዶሻ ያለው ይሁን። ፑንታው ላይ በ14 ሴንቲ ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ጥልቀቱ እሱ ነው። ለባለ 10 ዘንግ በኬሚካል ብዙ ጊዜ ባለ 12 ፑንታ ነው የሚባለው። ኤክስፓንሽን ቦልት ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቀለበት ያለው ዓይነት የሚፈልገው ከብሎኑ እኩል የሆነ ፑንታ ነው። ሙሉ ቱቦ የለበሰው ግን በቱቦው ውፍረት ይበሳል። ትራፓኖውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። አዙራችሁ ቀዳዳውን አታስፉት።

አሁን ሁሉም ሰው የሚዘልለው ሥራ መጣ። ቀዳዳውን ማጽዳት። በብስክሌት መንፊያ ንፉት። በጠባብ ክብ ብሩሽ ፈትጉት። እንደገና ንፉት። አቧራው መውጣቱን እስኪያቆም ድገሙት። አቧራ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ የገባ ኬሚካል የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው፣ ከአርማታው ጋር አይደለም። ዘንጉ በእጅ ተስቦ ይወጣል። በአፍ አትንፉ፤ ብናኙ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ኬሚካሉን ከቀዳዳው ታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እየሳባችሁ ሁለት ሦስተኛውን ሙሉ። ዘንጉን እያሽከረከራችሁ አስገቡት። ትንሽ ኬሚካል ወደ ላይ ተርፎ ከወጣ በትክክል ሞልቷል። ከዚያ አትንኩት። የሚደርቅበት ሰዓት ካርቶኑ ላይ አለ፤ በብርድ ጊዜ ይረዝማል። በጠዋቱ የአዲስ አበባ ብርድ የተከሉትን ከሰዓት በፊት ለማሰር አትቸኩሉ።

ሲደርቅ ቋሚውን አስቀምጡና በውሃ ልክ በሁለት ጎን ቀጥ አድርጉት። ከሥሩ ክፍተት ካለ በስስ ላሜራ ደግፉት። ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ከዚያ በ17 ቁልፍ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝማችሁ አትጠምዝዙ፤ ጥርሱ ይበላል። ከላሜራው ሥር የቀረውን ክፍተት በግራውት ሙሉ።

ብየዳና ቀለም

ሁሉንም አግዳሚና ዘንግ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት። ቆም ብላችሁ ከሩቅ እዩት፣ ለኩት፣ ከዚያ ብየዳውን ጨርሱ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተከታታይ የተበየደ አጥር በሙቀቱ ይጣመማል። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ እያላችሁ ሂዱ። ለ2 ሚሊ ብረት ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ይበቃል።

አጥሩን ከሁለቱ ግድግዳዎች ጋር አታያይዙት። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ከግድግዳው 5 ሚሊ ይራቅ። 9 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ከ3 ሚሊ በላይ ይረዝማል። መንቀሳቀሻ ካጣ ግድግዳውን ወይም ብሎኑን ይገፋል። የአግዳሚዎቹን ክፍት ጫፎች በላሜራ ቆብ ዝጉ።

የብየዳና የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወትና ሴራሚክ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። የወደቀው የብረት ብናኝም በመጀመሪያው ዝናብ ዝገት ሆኖ ወለሉን ያቀልማል። ካርቶን አርጥባችሁ አልብሱ፣ በየማታው ጥረጉ። ቱቦላሬው ጋልቫናይዝድ ከሆነ የሚበየደውን ቦታ ልባሱን አንሱና አየር ባለበት ቦታ በይዱ፤ ጭሱ ትኩሳት ያመጣል።

ሌላው አደጋ የ6 ሜትር ቱቦላሬ ወደ ፎቅ ሲወጣ ነው። በቤታችሁ አጠገብ የሚያልፈውን የመብራት መስመር መጀመሪያ ተመልከቱ። ከቀረበ ብረቱን መሬት ላይ ቆርጣችሁ አውጡት። ጠርዝ ላይ የሚሠራው ሰው በገመድ ይታሰር። ገመዱ ከቤቱ ኮለን ጋር እንጂ ገና ካልጠነከረው ቋሚ ጋር አይታሰር።

ቀለሙን ባጭሩ። የብየዳውን ቅርፊት አራግፉ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ጥረጉ። አንድ ጊዜ አንቲረስት፣ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም። ብየዳውንና ማዕዘኑን አስቀድማችሁ በትንሽ ብሩሽ ንኩት፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ጋልቫናይዝድ ላይ ተራ አንቲረስት ስለሚላጥ ለእሱ የተሠራውን ግዙ። በሐምሌና በነሐሴ አትቀቡ።

በመጨረሻ በላሜራው ዙሪያና በብሎኖቹ ሥር ለውጭ ሥራ የሚሆን ማሸጊያ አድርጉ። ከታች ክፍል ካለ ይህ ግዴታ ነው። 28 ቀዳዳ የተበሳበት ቴራስ ካልታሸገ ኮርኒሱ ይረጥባል።

መፈተሽ

ወደ ውጭ ተደግፋችሁ አትሞክሩት። በላይኛው አግዳሚ ላይ ከአንዱ ቋሚ አጠገብ ገመድ እሰሩና ሁለት ሰው ሆናችሁ ወደ ውስጥ ሳቡት። ሌላ ሰው ላሜራውን ይይ። ብረቱ ትንሽ መለጠጡ ችግር የለውም። ላሜራው ከግራውቱ ከተነሳ ወይም አርማታው ላይ ስንጥቅ ከታየ ግን ያ ቋሚ አልያዘም። ሁሉንም ቋሚ እንዲህ ሞክሩ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዳዶዎቹን በ17 ቁልፍ ንኳቸው። የውሃ መውጫዋን ቀዳዳ በሽቦ አጽዱ። የሚነቃነቅ ቋሚ ካገኛችሁ ብየዳ አትጨምሩበት፣ ሲሚንቶም አትለጥፉበት። ዳዶውን ፈትታችሁ ዘንጉን በፒንሳ አዙሩት። አብሮ የሚዞር ከሆነ ያ ቀዳዳ ሥራውን ጨርሷል። ዘንጉን ንቀሉ፣ ቀዳዳውን በሰፋ ፑንታ እስከ ንጹሕ አርማታ አጽዱና ወፈር ያለ ዘንግ በኬሚካል ትከሉበት። የላሜራውም ቀዳዳ በዚያው ልክ ይስፋ። እስኪደርቅ ድረስ ያንን የቴራሱን ክፍል በገመድ ዝጉት፤ ልጆች እንዳይደርሱበት።